የሙሴ ስታቭሮ ግራ እግር

የሰው እግር አጥባችሁ ታውቃላችሁ? የልጃችሁን ማለቴ አይደለም። የማታውቁትን ሰው፣ ያውም የሚቆጣ ሰው እግር። እኔ እንጀራዬ ነው። አሜሪካ፣ ዴንቨር አጠገብ ባለችው ኦሮራ ውስጥ ቤት ለቤት እየዞርኩ ቁስል የማጥብና የማሽግ ነርስ ነኝ። መኪናዬን ፓርክ አደርጋለሁ፣ ጓንቴን አጠልቃለሁ፣ ካልሲ አወልቃለሁ። ፊት ብዙ ይዋሻል። እግር ግን ምን ብሎ ይዋሻል?

በሥራችን የበሽተኛ ወሬ ማውጣት ክልክል ነው። ታዲያ አንቺን ምን ያስቀባጥርሻል ትሉኝ ይሆናል። የዚህ ሰውዬ ነገር ግን ሌላ ነው። እሳቸው ራሳቸው «ለፈለግሽው አውሪ፤ ብቻ ስታወሪ አታሳጥሪው» ብለውኛል። ማሳጠር ደግሞ እኔም አልፈጠረብኝም።

የመጀመሪያ ቀን በሩን የከፈተችልኝ ልጃቸው ኤሌኒ ናት። ስልክ ላይ ስሟን ስሰማ የኛ ሰው መስላኝ ነበር። በር ላይ ሳያት ፈረንጅ ናት። ግሪኮችም ኤሌኒ እንደሚሉ ያን ቀን አወቅኩ። አባቷ ግሪክ መሆናቸውን፣ ስኳር ከያዛቸው መቆየቱን፣ ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ከእሷ ጋር እንደሚኖሩ፣ ነርስ እንደማይወዱና ከእኔ በፊት የመጣችውን እንዳባረሯት፣ ይሄን ሁሉ ሳሎን ሳንደርስ ነገረችኝ። አደራ መሆኑ ነው መሰለኝ።

ሰውየው ወንበራቸው ላይ ተኮፍሰው ቴሌቪዥን ያያሉ። ቅንድባቸው እንደ ጣሪያ ክዳን ወደ ፊት ወጥቷል። ሰላም ብላቸው ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ አልነቀሉም። ተንበርክኬ የግራ እግራቸውን ፋሻ ፈታሁት። አውራ ጣቱ ጠቁሯል፣ ከሥሩ ያለው ቁስል አፉን ከፍቷል። ማን ይሰማኛል ብዬ በራሴ ቋንቋ፣

«እግዚኦ! ይሄ እግር ነው ወይስ የተቃጠለ ጉቶ?» አልኩ።

«እግር ነው እቴ» አለ ከላይ አንድ ድምፅ። «የድሬዳዋ እግር ነው። አቦ፣ ቀስ በዪ!»

መቀሱ ከእጄ ወደቀ። ኤሌኒም ደነገጠች። አባቷ አማርኛ እንደሚችሉ ታውቃለች፤ ሲናገሩ ግን ከሰማች ብዙ ዘመኗ ነው። እሳቸው ግን ጉቶ የተባሉት አልከነከናቸውም። የከነከናቸው «የተቃጠለ» መባሉ ነው። «ይሄ እግር አቃጥሎ ያውቃል እንጂ ተቃጥሎ አያውቅም» አሉኝ።

ከዚያ ቀን ወዲያ «ሙሴ ስታቭሮ» እላቸው ጀመር። ድሮ አገር ቤት የሚኖር ፈረንጅ፣ ነጋዴም ይሁን መካኒክ፣ «ሙሴ» ነበር የሚባለው። ደስ አላቸው። እንዲህ ብሎ የሚጠራቸው ሰው ከጠፋ ቆይቷል።

እግር እያጠቡ ዝም ማለት ይከብዳል። እኔ እጠይቃለሁ፣ እሳቸው ያወራሉ። የተወለዱት ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ነው። አባታቸው እዚያ ጋራዥ ነበራቸው። ኳስ የተማሩት ደቻቱ ላይ ነው። ደቻቱን የማያውቅ ካለ፣ ከተማውን ለሁለት የሚከፍል ደረቅ የአሸዋ ወንዝ ነው፤ ላይ ተራራው ላይ ሲዘንብ ግን ሳይታሰብ ጎርፍ ይወርድበታል። «ኳስ ስትጫወቺ አንድ ጆሮሽ ኳሱ ላይ፣ አንድ ጆሮሽ ጎርፉ ላይ ነው» አሉኝ። «ፈጣን ነበርክ ይሉኛል። ጎርፍ ያባረረው ሰው ምን ይሁን?»

ግራ እግራቸው ብቻ ነው የሚሠራው። ቀኙ፣ በእሳቸው አነጋገር፣ ለመቆሚያ የተሰጠ ነው። ስለዚህ የድሬ ልጆች «ግራኙ ሙሴ» አሏቸው። የከተማው ቡድን ገቡ። ከዚያ አብዮቱ መጣ፣ የአባታቸው ጋራዥ ተወረሰ፣ ቤተሰቡ በባቡር ጅቡቲ ወርዶ ግሪክ ገባ። ሃያ ዓመት ያለፋቸው ጎረምሳ ናቸው። ፒሬየስ የሚባል የወደብ ከተማ ውስጥ ሣጥን ይሸከሙ ጀመር።

አንድ ቀን እዚያው ያለ ቡድን ተጫዋች ሲመርጥ ሄዱ። ጫማ የላቸውም። ከአንድ የወደብ ጓደኛቸው የተዋሱት ሰፋቸውና ጋዜጣ ጎሰጎሱበት። ሲጫወቱ ጋዜጣው እየወጣ ከኋላቸው ይበተናል፤ ሰው ይስቃል። አሠልጣኙ ግን አልሳቀም። «የት ተማርክ?» ብሎ ጠየቃቸው። «ደቻቱ።» «ስንት ሰው የሚይዝ ስታዲየም ነው?» እሳቸውም ፈጠን ብለው፣ «የሚይዘውን ያህል ይይዛል፤ ዝናብ ሲመጣ ግን ሁሉም ይሮጣል» አሉ። ተቀበላቸው።

ጥቂት ቆይተው ለግሪክ ብሔራዊ ቡድን ተጠሩ። እኔ እዚህ ጋ ስደርስ አላመንኳቸውም። ኦሮራ ውስጥ ስንት ሽማግሌ ስንት ነገር ነበርኩ ብሎኛል መሰላችሁ? ጄኔራል ያልነበረ ማን አለ? ማታ ለባሌ ለጌታቸው ስሙን ብቻ ጣል አደረግኩለት። ጌታቸው ኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልስ የሸትል ነጂ ነው፤ ለኳስ ግን የቆረበ ሰው ነው። ስልኩን ይዞ ሶፋው ላይ ጠፋ። ከዚያ ጩኸት ሰማሁ። ቀጭን፣ ቅንድበ ትልቅ ጎረምሳ፣ በጥቁርና ነጭ ፊልም፣ በግራ መስመር ይበራል። «ይሄን እግር ነው የምታጥቢው?» አለኝ። እንዲያ ባለ አክብሮት አይቶኝ አያውቅም።

በማግስቱ በጥሞና ጠየቅኳቸው። የመጀመሪያው ጨዋታቸው ሰው አገር፣ ዝናብ ላይ ነበር። አሸዋ የለመደ እግር እርጥብ ሣር ላይ ምን ያደርጋል? ሲወድቁ ሲነሱ ዋሉ፤ ሳያልቅ ተቀየሩ። ልብስ መቀየሪያው ውስጥ አንዱ «ሐበሻው ዋና ይችላል መስሎኝ ነበር» አለ። «ድሬ ግሪኩ ነበርኩ፣ ግሪክ ስገባ ሐበሻው ሆንኩ» አሉኝ ሙሴ። «አቦ፣ በመሃል ያለው ባሕር ላይ ብኖር ይሻለኝ ነበር።»

ሁለተኛው ጨዋታ አገራቸው፣ አቴና ላይ ነው። እኩል ናቸው፤ ሊያልቅ ነው። ቅጣት ምት ተገኘ። የቡድኑ አምበል ኳሱን ታቅፎ መጣ፤ የእሱ ሥራ ነውና። ሙሴ ከእጁ ነጠቁት። በስንት ሺህ ሰው ፊት! ሰውየው አፉን እንደ ከፈተ፣ እሳቸው በግራ መቱት። ገባ። አምበሉ ሮጦ መጣና መጀመሪያ በጥፊ አላሳቸው። ቀጥሎ ሳማቸው። «የጥፊው ነው እስካሁን የሚሰማኝ» አሉ ጉንጫቸውን እያሻሹ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ተጫወቱ። አንድ ቀን በክለብ ጨዋታ ቅልጥማቸው ተሰበረ። ድነው ተመለሱ፤ ጎርፉን ግን አይቀድሙትም። «ማንም በቃህ አላለኝም» አሉኝ። «ስልኩ ብቻ ዝም አለ። አንድ በጋ ሙሉ አጠገቡ ተቀምጬ አየሁት።» ከዚያ የሚስታቸው ወንድም ዴንቨር ምግብ ቤት ነበረውና መጡ፤ ወጥ ቤት ገቡ፤ አረጁ። ዴንቨር ውስጥ ኳስ ሲባል ሰው የሚያስበው ያቺን እንቁላል የምትመስለውን ነው። ማን ይጠይቃቸው?

እንግዲህ ወደ ጭንቁ እንግባ።

ቁስሉ እንቢ አለ። እኔ አጥባለሁ፣ እሱ ይብሳል። ክረምቱ፣ የበረዶው ጊዜ ሲገባ ዴንቨር ያለው ሐኪማቸው ቁርጡን ተናገረ። ከጉልበት በታች መቆረጥ አለበት፤ ያለዚያ መርዙ ወደ ደም ይገባል፤ ደም ከገባ ደግሞ እግር ሳይሆን ሰው ነው የሚሄደው። ሙሴ ስታቭሮ አንድ ቃል ብቻ መለሱ። «ኖ!»

ኤሌኒ አለቀሰች። ሐኪሙ አርቴፊሻል እግር አምጥቶ አሳየ፤ ሰው ሩጫ የሚሮጥበት ነው አለ። «እኔ ሮጬ ጨርሻለሁ» አሉት። ጌታቸው «ተጫዋች እኮ ነው፤ ሰውየው ማለት እግሩ ማለት ነው፤ ክብሩን እንዴት ይቁረጡበት?» ብሎ ተከዘ። እኔም እንደዚያው መሰለኝ። የማውቀውን ተረት ሁሉ አወረድኩባቸው። «ሙሴ፣ ሕይወት ካለ ተስፋ አለ» ስላቸው፣ «እግር ከሌለ ተስፋው ጋ በምን ይኬዳል?» ይሉኛል። ድሬ ያደገ ሰው በቃል ይቻላል?

የአሜሪካ ሕግ ደግሞ ታውቁታላችሁ። አእምሮው ጤነኛ የሆነ ሰው አካሉ የራሱ ነው። እንቢ ካለ እንቢ ነው። ልጅ አታስገድድም፣ ሐኪም አያስገድድም። እኔ ማን ነኝ?

አንድ ጠዋት በረዶ ጣለ። እንደ ዱቄት የሚነፋው ሳይሆን ያ እርጥቡ፣ ከባዱ። ኤሌኒ ሳይብስ ብላ በጠዋት ዴንቨር ወደምትሠራበት ሆቴል ሄዳለች። እኔ እየተንሸራተትኩ ደረስኩ። ኤሌኒ በሰጠችኝ ቁልፍ በሩን ከፍቼ «ሙሴ!» እያልኩ ገባሁ። ወንበራቸው ላይ ሁለት ብርድ ልብስ ተጠቅልለው ጥርሳቸው ይንቀጫቀጫል። ግንባራቸው ምድጃ ነው። ግፊታቸውን ለካሁ፤ ወርዷል። ፋሻውን ገለጥ ሳደርግ ቀይ መስመር ከቁርጭምጭሚት ተነስቶ ወደ ጉልበት እየወጣ ነው። ነርስ ባትሆኑም ይሄን ብታዩ ትጮኻላችሁ። ናይን ዋን ዋን ደወልኩ።

«ለማን ነው የምትደውዪው?» አሉኝ።

«ለአምቡላንስ።»

«ይመለሳሉ።»

መጡ። አንድ ግዙፍ ሰውዬና አንዲት ወጣት ሴት። ሰውየው ጥያቄ ጀመረ። ስምህ? ነገሩት። የት ነው ያለኸው? ነገሩት። ምን ቀን ነው? ነገሩት። ፕሬዚዳንቱ ማን ነው? «እሱን ስሙን ከጠራሁ ትኩሳቴ ይብሳል» አሉ። ሴትየዋ ሳቋን ዋጠች። ሰውየው ግን ወደ እኔ ዞሮ ትከሻውን ሰበቀ። አእምሮው ደህና ነው፤ እንቢ ብሏል፤ ልንወስደው አንችልም አለኝ።

«ይሞታሉ እኮ!» አልኩት።

አውቃለሁ አለኝ። ዝቅ አድርጎ ደግሞ፣ ራሱን ከሳተ ያን ጊዜ ደውዪ፣ ያን ጊዜ መውሰድ እንችላለን አለኝ። ስሙት እንግዲህ! ቤቱ እስኪቃጠል ተጠብቆ ነው ውሃ የሚቀዳው?

ለኤሌኒ ደወልኩና ስፒከር ላይ አደረግኳት። መኪና ውስጥ ናት፤ እየመጣች ነው፤ ሃይዌዩ በአደጋ ተዘግቷል። አባቷን በግሪክኛ ለመነቻቸው። ምን እንዳለች አላውቅም። ለቅሶ ግን አስተርጓሚ አይፈልግም። ሙሴ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሟት። ስትጨርስ ራሳቸውን ወዘወዙ። እንቢ።

የአምቡላንሱ ሰውዬ ሻንጣውን መዝጋት ጀመረ። የዚፑ ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ሴትየዋ በሩ ጋ ቆማ ወደ ኋላ ታያለች። እኔ ደግሞ ተረት አልቆብኛል፤ ቁጣ አልቆብኛል። መሬት ላይ ቁጭ አልኩና ደህናውን፣ ቀኙን እግራቸውን ያዝኩ። ለምን እንደያዝኩት አላውቅም። እየተንቀጠቀጠ ነበር።

«ሙሴ» አልኳቸው፤ «አሁን ጨዋታ የለም። ምኑን ነው የፈሩት?»

ብርድ ልብሱን ወደ አገጫቸው ሳቡት። ከዚያ በአማርኛ፣ እዚያ ቤት ከእኔ በቀር ማንም በማይሰማው ቋንቋ፣

«የት ነው የሚጥሉት?» አሉኝ።

«ምኑን?»

«እግሬን። ፒሬየስ ቅልጥሜ ተሰብሮ የተኛሁ ጊዜ አጠገቤ አንድ የወደብ ሠራተኛ ነበር። እግሩን ቆርጠውታል። ነርስ ባለፈች ቁጥር ‹የት ጣላችሁት?› ይላታል። አንድም ቀን የመለሰችለት የለች።»

አያችሁ? ሐኪሙ ስለ ሩጫ ያወራል፤ ጌታቸው ስለ ክብር ያወራል፤ እኔ ተረት እደረድራለሁ። ሰውየው የሚያስጨንቃቸው የቆሻሻ በርሜል ነው!

«አይጣልም!» አልኩ። «ከጠየቅን ይሰጡናል። እንቀብረዋለን።»

«የት?»

«መቃብር ነዋ! ከሚስትዎ አጠገብ!»

«ቄስ ይኖራል?»

«ይኖራል።»

ዓይናቸውን ከፈቱ። ዓይናቸው ቀልቷል። «ማዪ» አሉኝ። «ባልሽ ማን ነበር? ጌታቸው ይሙት በዪ።»

«ጌታቸው ይሙት!» አልኩ። ሳላስብ ነው። ደግሞ ቢታሰብስ?

ሙሴ ስታቭሮ ቀና ብለው በሩ ጋ ወደቆመችው ሴት አዩና በእንግሊዝኛ «እንሂድ» አሏት።

አምቡላንሱን ከኋላ በመኪናዬ ተከተልኩት። ሳይረኑ ይጮኻል፤ መንገዱ አይሰማም። መኪናው ሁሉ በበረዶ ተይዞ ቆሟል፤ ማን ወዴት ዞር ይበል? የኋላ መብራቱን እያየሁ መሪዬን በሁለት እጄ አነቅሁት። መብራቱ አንድ ቦታ ሲቆም ልቤ አብሮ ይቆማል። ውስጥ ምን እየሆነ ነው? እየተነፈሱ ነው? ድንግል ሆይ፣ እኔ ኳስ አልወድም፣ ይቺን ብቻ አሳልፊልኝ አልኩ።

ሆስፒታሉ ስንደርስ ሁሉ ነገር ሩጫ ሆነ። ደም ተቀዳ፣ መርፌ ተሰካ። ቀዶ ጠጋኙ መጣና የሚቆረጠው እንዳይሳሳት በእስክሪፕቶ ግራው ላይ ምልክት አደረገ። ሙሴ እጃቸውን ዘረጉ፤ እስክሪፕቶውን ስጠኝ ማለታቸው ነው። ሰጣቸው። በዚያ ትኩሳት እየተንቀጠቀጡ ጎንበስ ብለው ግራ እግራቸው ላይ ፈረሙ። ድሮ ኳስ ላይ እንደሚፈርሙት፣ ከነጭራው። ቀጥለው ቀኙ ላይ በአማርኛ ጻፉ። የሆስፒታሉ ነርስ ግራ ገብቷት ምንድን ነው አለችኝ። አነበብኩላት። «ይቺን አትንኩ» ይላል።

ነርሷ ሳቀች፤ እኔ ግን ሳቅ የለኝም። ቃሌ አለ። እግሩ እንዲቀመጥልን፣ እንዳይጣል አልኳት። «አንቺ ምኑ ነሽ?» አለችኝ። ምናቸው ነኝ? ልጅ አይደለሁም፣ ዘመድ አይደለሁም። ይሄ ጥያቄ የቤተሰብ ነው፣ ከኦፕሬሽኑ በፊት መድረስ አለበት አለችኝ። አልጋው ደግሞ መገፋት ጀምሯል። ለኤሌኒ ደወልኩ። አይነሳም። ደግሜ ደወልኩ። አይነሳም። አልጋው ሊፍት ጋ ደረሰ። በስተመጨረሻ አነሳች፤ ስልኩን ነርሷ እጅ ላይ አስጨበጥኳት። ኤሌኒ ምን እንደሆነ ባይገባትም «እሷ ያለችውን አድርጉ» አለች። የሊፍቱ በር ተዘጋ።

ከዚያ በኋላ መጠበቅ ብቻ ነው። ኤሌኒ ራሷ ርሶ፣ ጫማዋ ውሃ ቋጥሮ ደረሰች። ጎን ለጎን ተቀመጥን። እሷ የግሪክ መስቀሏን ትጨብጣለች፣ እኔ የእኔን። በር ሲከፈት ሁለታችንም እንነሳለን፤ የሌላ ሰው ሐኪም ነው፤ እንቀመጣለን። ስንት ጊዜ ተነሳን!

ሲመሻሽ የእኛው ወጣ። ፊቱ ምንም አይነበብበትም። ልቡ በመሃል ቀጥ ብላ ነበር አለ። ኤሌኒ እጄን ጨመደደችው። መልሰናታል አለ። ሌሊቱን ካለፈ ተስፋ አለው። አለፉት። የቀሩትንም አስፈሪ ቀናት አለፉ።

ቤት ገብቼ ለጌታቸው ሁሉን ነገርኩት። እሱ ግን የሰማው አንዱን ብቻ ነው።

«ለግሪክ እግር ብለሽ በኔ ማልሽ?»

«ሞትህን አልተመኘሁም፤ እግሩ ይቀበራል፣ አንተም ትኖራለህ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀብሩን የተከታተለው እሱ ነው። የተማለው በእሱ ነው፤ እንዴት አይከታተል?

ችግሩ ግን የእግር ቀብር ሥርዓት የሚያውቅ መጥፋቱ ነው። ወንበር ለመዋስ የእድራችን ሰብሳቢ ጋ ሄድን። ሰውየው ብዙ አሰቡ። «ደንባችን ‹ሰው ሲሞት› ነው የሚለው፤ ‹ሰው ሲቀነስ› አይልም» አሉ። ግን ደግ ሰው ናቸው፤ ወንበሩን ሰጡን፤ ራሳቸውም ጥቁር ለብሰው መጡ። ነፍስ ይማር ይባላል? እግር ነፍስ አላት? ለባለቤቱስ ምን ይባላል? ጌታቸው መንገዱን ሙሉ ሲለማመድ ነበር።

በረዶው ቀልጦ መሬቱ ጭቃ ሆኗል። ሙሴ በዊልቸር ተቀምጠው፣ ሱፍ ለብሰው፣ ክራቫት አስረው መጡ። ሣጥኗ ትንሽ ናት። የመቃብሩ ሠራተኛ ጎረምሳ ነው፤ ማንም አልነገረውም መሰለኝ። በሐዘን ፊት ቀረብ ብሎ ሟቹ ማን እንደሆነ ጠየቀ። ሙሴ ስታቭሮ እጃቸውን አወጡ።

«እኔ ነኝ» አሉት። «በከፊል።»

የግሪኩ ቄስ ለእግር የተጻፈ ጸሎት የለኝም አሉ፤ ስለዚህ ለቀረው ሰውዬ ጤና ጸለዩ። ኤሌኒ ከድሮ ዕቃቸው መሃል የግራ ታኬታቸውን አግኝታ ይዛ ነበር፤ ሣጥኗ ላይ ላስቀምጠው ስትል «ደህና ጫማ ምን አፈር ያስበላዋል?» ብለው ቀሟት። አፈር ሲወርድ ግን ቅንድባቸው ዓይናቸውን ሸፈነው። ጌታቸው ተጠግቶ «እግዜር ያጽናዎ» አላቸውና የሚያለቅሰው እሱ ሆነ። አቅፈው ያባበሉት እሳቸው ናቸው።

አርባው ሲደርስ እንደ ቀልድ «ተዝካሩን እናውጣለት» አልኩ። ኤሌኒ ከምሯ ያዘችው። ግሪኮችም አርባ ያወጣሉ ለካ! ንፍሮ ቀቅዬ ይዤ ብሄድ እሷም ስንዴ ቀቅላ ጠበቀችኝ፤ የእሷ ዘቢብ ገብቶበት ስኳር ተነስንሶበታል። ቄሱ መጡ፣ የእድሩ ሰብሳቢ መጡ፣ ጌታቸው አለ። ሙሴ መሃል ተቀምጠዋል፤ ቀለማቸው ተመልሷል።

ሁሉም፣ ሙሴ እንዴት እሺ እንዳሉ ጠየቁኝ። እኔ ደግሞ እንዲህ ያለ መድረክ ሳገኝ አልምርም። ከዚፑ ጀምሬ፣ ቀኝ እግር መያዜን፣ «ምኑን ነው የፈሩት» ማለቴን፣ «የት ነው የሚጥሉት» ማለታቸውን አወረድኩት። ለኤሌኒና ለቄሱ በእንግሊዝኛ እደግመዋለሁ። መዝጊያውንም አዘጋጅቼ መጥቻለሁ። ሰውን ከመምከር መጠየቅ ይበልጣል፤ አንዲት ጥያቄ ነፍስ ታድናለች አልኩ። ቄሱ ራሳቸውን ነቀነቁ። የእድሩ ሰብሳቢ ዓይናቸውን ጠረጉ።

«ማነው የፈራው?» አሉ ሙሴ ስታቭሮ።

«እርስዎ ነዎታ!»

«እኔ እንዲህ አልኩ?»

«አሉ እንጂ! የፒሬየሱ ሰውዬ! ‹ጌታቸው ይሙት በዪ› አላሉኝም?»

«አቦ ተዪኝ! በዚያ ትኩሳት ያለ ሰው ያለውን ያውቃል እንዴ? እኔ የማስታውሰው ያቺ የአምቡላንሷ ልጅ በሩ ጋ ቆማ ታየኝ እንደነበር ነው። ቆንጆ ናት። ከዚህች ጨቅጫቃ ጋር ከምቀር ከእሷ ጋር ልሂድ ብዬ ሄድኩ።»

የእድሩ ሰብሳቢ መሐረባቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱ።

«ታዲያ ቀብሩ?» አልኩ።

«እኔ ምን አውቃለሁ? ስነቃ ሁላችሁም ስለ ቀብር ታወራላችሁ። ሐበሻ ቀብር እንደሚወድ ድሬም ሳለሁ አውቃለሁ። ቅር እንዳይላችሁ ብዬ ዝም አልኩ።»

ቀልዳቸው ይሁን የምራቸው ፊታቸውን አጠናሁት። ቅንድቡ ምን ያሳያል? ኤሌኒ አልገባትም፤ ንገሪኝ ብላ ታየኛለች። ጌታቸው አፉ የንፍሮ ፍሬ እንደያዘ ቀረ። ሙሴ ስታቭሮ ግን ባዶ ሳህናቸውን ወደ እኔ ዘረጉ።

«ጨምሪልኝ እቴ» አሉኝ። «ከኤሌኒ ስንዴ፤ ስኳር ካለበት።»